የአብሽ ውሃው ሠራልሽ ሲሉኝ

«አንቺ፣ ምን ጠጥተሽ ነው እንዲህ የቀጠንሽው?»

ይህን የጠየቀችኝ ኤልሲ ናት፤ ሮቤ፣ ጋሽ አብዱ ልብስ ስፌት ቤት ውስጥ፣ ሜትሩ ወገቤ ላይ ተጠምጥሞ እያለ። የአክስቴ ልጅ ሊዲያ ጥር ላይ ልታገባ ነው፤ እኔና ኤልሲ ሚዜዎቿ ነን፤ ቀሚሳችንን ለመጨረሻ ጊዜ ልንለካ ሄደን ነው። ጋሽ አብዱ በፊት በለካኝ ልክ የሰፋውን ቀሚስ አልብሶኝ ጎኔ ላይ እፍኝ ሙሉ ትርፍ ጨርቅ ያዘና ሳቀ።

«ወላሂ ይሄ ያንቺ አይደለም። ያቺን ሀዊ የት አደረስሻት?»

«ቀልጣ አለቀች» አልኩት።

ኤልሲ ዙሪያዬን እየዞረች ታየኛለች። ያ አስተያየት እንዴት እንደሚጣፍጥ ልዋሻችሁ አልችልም። «አብሽ ውሃ በሎሚ፤ ጠዋት፣ በባዶ ሆድ» አልኳት፣ ከክፍል አንደኛ እንደወጣ ሰው ኮራ ብዬ። እዚያው ስልኳ ላይ ጻፈችው።

ምላሴ ግን ያኔ ላንቃዬ ላይ ተጣብቆ ነበር። ከስፌት ቤቱ እንደወጣን ሱቅ ገብቼ ትልቁን ጠርሙስ ውሃ ቆሜ ጨረስኩት። ባለሱቁ «እህቴ፣ ከበረሃ ነው እንዴ የመጣሽው?» አለኝ። ሳቅን። እሱም ሳቀ። ይህንን የምጽፈው ዛሬ የሆነ ቦታ እንደኛ እየሳቀች ያለች ልጅ እንዳለች ስለማውቅ ነው።

ከመጀመሪያው ልነሳ። የተመረቅኩት ባለፈው ክረምት ነው፣ በአካውንቲንግ። ዲግሪዬን ይዤ ሮቤ ወላጆቼ ቤት ገባሁ፤ ከዚያ በኋላ ሥራዬ ማስታወቂያ ሰሌዳ ማየትና «እንደውልልሻለን» መባል ሆነ። ግቢ እያለሁ የኖርኩት በፓስታና በዳቦ ስለነበር ስመለስ ሞላ ብያለሁ። እዚህ ከተማ ላይ ደግሞ ሁለት ዓይነት ሰው አለ። የእናቴ እኩዮች «ማሻአላህ፣ ተስማምቶሻል፣ ትምህርቱ አልጎዳሽም» ብለው ጉንጬን ይቆነጥጡኛል። የኔ እኩዮች ደግሞ «ምነው፣ ባጃጅ ለብቻሽ ልትኮናተሪ ነው?» ይሉኛል። ሁለቱም ሰላምታ ነው። እኔ የሰማሁት ሁለተኛውን ብቻ ነው።

ሊዲያ የሚዜዎቹ ቀሚስ ወገብ ላይ ጥብቅ ያለ መሆኑን ስትነግረን ቴሌግራም ላይ ግሩፕ ከፈትን። ሁሉም የምታውቀውን ማምጣት ጀመረች። ሎሚ በትኩስ ውሃ ስብ ያቀልጣል። ምግብ ላይ ውሃ መጠጣት ቦርጭ ያወጣል። ከመሸ በኋላ የተበላ ነገር ሁሉ ስብ ነው። ሆድን በፌስታል ጠቅልሎ ዳገት መውጣት ነው። እንጀራ ትቶ ቆሎ ብቻ። አንዷ «የሮቤ ብርድ ራሱ ስብ ያቃጥላል፣ ጃኬት አታድርጉ» ብላ ጻፈች፤ እኔ ጅሏ ኅዳር ላይ፣ ገብስ ማሳው ጠዋት ጠዋት ውርጭ ለብሶ በሚያድርበት ወር፣ በቲሸርት ዞርኩ። ከሁሉም በላይ ግን ያመንነው አብሽን ነው። ማታ ዘፍዝፎ ጠዋት ውሃውን መጠጣት። ደግሞ «አንዴ ከቀነስሽ አብሹን እስካላቋረጥሽ ድረስ አይመለስም፤ የተመለሰባት የሰነፈች ናት» የሚል ነበረበት። ይቺን ያዙልኝ፣ እመለስባታለሁ።

ሁሉንም አደረግኩ። ከረሃብና ከንዴት በቀር ምንም አልመጣም። እናቴ ሳህኔን እያየች «ማል ታቴ? ምን ሆንሽ? ጠላት አለብሽ እንዴ?» ትለኛለች፤ እናቴ ጊኒር ነው ያደገችው፣ ስትናደድ በኦሮምኛ ጀምራ ባማርኛ ትጨርሳለች። በመጨረሻ ሰለቸኝና ተውኩት። አብሹን ብቻ ቀጠልኩ፤ ምግቡን ግን ጓዳ ገብቼ እንደ ሌባ መብላት ጀመርኩ። ጨጨብሳ በቅቤ፣ ዳቦ በሻይ፣ ሻዩ ላይ ስኳር። ሆዴ አልጠግብ አለ። ከበላሁ በኋላም ይርበኛል።

መክሳት የጀመርኩት ያኔ ነው።

እዚህ ጋ ቆም በሉ። ጾሜን እያለሁ ያልወረደ ኪሎ እንደ ልቤ እየበላሁ ወረደ። ጂንሴ በቀበቶ አልያዝ አለ። ዲግሪ አለኝ እኮ፤ የገባና የወጣ ማመሳከር ነው የተማርኩት። ግን እንዲህ ዓይነት ደስ የሚል ስህተት ማን ይመረምራል? አብሹ ነው፣ ዘግይቶ ሠራ አልኩ። ሊዲያም «ሰውነትሽን አጸዳው ማለት ነው» አለችኝ።

ሌላውም ነገር ሁሉ መልስ ነበረው። ውሃ ጥሙ? አብሹ ቆሻሻ እያወጣ ነው። ሽንት ቶሎ ቶሎ? ቆሻሻው እየወጣ ነው አልኩ እኮ። ድካሙ? ስለቀነስኩ ነው። መናኸሪያ ቆሜ የሚኒባሶቹ ግንባር ላይ «ጎባ» የሚለውን ማንበብ ሲያቅተኝ ስልክ አብዝቼ ነው አልኩ። የማይወራውንም ላውራው፤ ታች ያሳክከኝ ጀመር፣ ፋርማሲ ቅባት ገዛሁ፣ ቀነስ አለ፣ ተመለሰ፣ እንደገና ገዛሁ። ይህን ለማንም አልተናገርኩም። ብናገር ኖሮ ምናልባት አንድ ሰው ይነቃ ነበር።

ከዚያ ጉንዳኖቹ መጡ። መጸዳጃችን ከቤቱ ጀርባ፣ ግቢው ጥግ ላይ ነው፤ በብርዱ እዚያ ድረስ መመላለስ ሲያቅተኝ አልጋዬ ሥር ፖፖ ማሳደር ጀመርኩ። አንድ ጠዋት እናቴ ልትደፋልኝ ስታነሳው ዙሪያው ጥቁር ሆኗል። ጉንዳን። ፖፖው የነበረበት ሲሚንቶ ላይ ደረቅ ያለ፣ እንደ ሽሮፕ የሚያጣብቅ ነገር አለ። እናቴ ጎንበስ ብላ አየችው። ከዚያ ከምድጃው አመድ አምጥታ በተነችበት። በሚቀጥለው ቀንም መጡ፣ በሚቀጥለውም። ሳሎን ስኳሩ ያለበትን ዕቃ ትተው ወደኔ አልጋ ነበር የሚሄዱት። ከሰው ሁሉ ቀድመው ያወቁት እነሱ ናቸው። እኛ አመድ በተንን።

ማቅለሽለሽ ሲጀምረኝ አባዬ ክሊኒክ ወሰደኝ። አባዬ ከወሎ በመምህርነት መጥቶ እዚሁ የቀረ ሰው ነው፤ አይጮህም፣ አይቸኩልም። የክሊኒኩ ስም ምን ያደርግላችኋል፤ እንደዚያ ያለ ክሊኒክ በየከተማው አለ። ረጅም አግዳሚ ላይ ተራ ጠበቅን። አጠገቤ ከገሰራ የመጡ ገበሬ ራጃቸውን ግንባራቸው ላይ ይዘው ፀሐይ ይከላከሉበታል። እኔ ሁለት ጊዜ ለሽንት ተነስቼ ተራዬ አለፈኝ። ሦስተኛ ስነሳ ሰውዬው «ሂጂ ልጄ፣ እኔ አስይዝልሻለሁ» አሉኝ። ደም ሰጠሁ። ወረቀቱ ሲመጣ ታይፎይድና ታይፈስ ነው ተባለ፣ ሁለቱም ባንዴ። እዚህ አገር ሲያማችሁ መጀመሪያ የሚሰጣችሁ ስም እሱ ነው።

«ምግብ በደንብ ትብላ፣ ፈሳሽ በብዛት ትውሰድ» አሉ።

ፈሳሽ! እናቴ ይህን ትእዛዝ እንደ ሃይማኖት ያዘችው። ማንጎ ጁስ። ለስላሳ። ማልት። ዘመድ ሊጠይቀኝ ሲመጣ ደግሞ ከሀረና ጫካ የመጣ ማር ይዞ ይመጣል፤ እሱን በሞቀ ውሃ በጥብጣ «ጉልበት ይሆንሻል» ትለኛለች። ጠማኝ፣ ስለዚህ ጠጣሁ። በጠጣሁ ቁጥር ጠማኝ። የምትወደኝ ሴት በገዛ እጇ፣ በጣባ፣ በብርጭቆ፣ እየለመነች አጠጣችኝ። እስካሁን ይህን ስናገር ከክፍሉ ትወጣለች። እማዬ፣ አንቺ ምን ታውቂያለሽ፤ ያዘዙሽን ነው ያደረግሽው።

ክኒኑ አለቀ፣ እኔ ባሰብኝ። ሁለተኛው ክሊኒክ «ጨጓራ ነው፣ ባክቴሪያ አለበት» አለ። አዲስ ክኒን። አባዬ ከከፈለ በኋላ ኪሱን ሲዳብስ አየሁት። ሁለቱም ቦታ ጣቴን ወግቶ ስኳሬን ያየ የለም። እኔም አልጠየቅኩም። ስኳር የትልቅ ሰው፣ የሀብታም፣ የወፍራም በሽታ ነው ብዬ ነው የማውቀው። እኔ ደግሞ እየቀጠንኩ ነው!

ሊዲያ ልትጠይቀኝ መጥታ አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀመጠችና አፍንጫዋን አጨማደደች።

«የጥፍር ቀለም አጥፍተሽ ነው? ቤቱ አሴቶን አሴቶን ይላል።»

ጥፍሬን አየሁት። ቀለም ከተቀባሁ ወር አልፎኛል። ሽታው ከአፌ ነበር የሚወጣው።

በማግስቱ መቆም አቃተኝ። እናቴ ወደ መጀመሪያው ክሊኒክ በባጃጅ ወሰደችኝና «ልጄ አቅም አጥታለች፣ ጉሉኮስ ስኩላት» አለቻቸው። እኛ ሰፈር የደከመ ሰው ጉሉኮስ ይሰካለታል፤ ክንዱ ላይ ፕላስተር ለጥፎ ሲመለስ «አሁን ዳነ» ይባላል። ሰኩልኝ። ጉሉኮስ ማለት ስኳር መሆኑን ሕፃንም ያውቃል። ጠብ ጠብ ሲል እያየሁት ነበር። ትንፋሼ እየፈጠነ ሄደ፤ ሳልሮጥ እንደሮጥኩ አለከልካለሁ። ጣሪያው ራቀ። የእናቴን ድምፅ እሰማለሁ፣ ግን ከግድግዳ ጀርባ ሆና እንደምታወራ ነው። ያን ጊዜ ያሰብኩትን አስታውሳለሁ፤ አፍራለሁም፤ ቢያንስ ቀሚሱ ይሆነኛል ብዬ ነበር።

አባዬ ከትምህርት ቤት በሩጫ መጣ። የማይጮኸው ሰውዬ ጮኸ። «ንቀሉላት! ጎባ ነው የምወስዳት!» የሥራ ባልደረባው መኪና ውስጥ ከኋላ አስተኙኝ፤ ጭንቅላቴ እናቴ ጭን ላይ ነው። ከሮቤ ጎባ እኮ ቅርብ ነው፣ ለሽርሽር የምንሄድበት መንገድ ነው። ያን ቀን አያልቅም። እናቴ ቁርጥራጭ ኦሮምኛ እያወራች ጉንጬን ትመታለች። «ኢንታላ ቲያ፣ አይንሽን ግለጪ፣ ልጄ፣ እዪኝ።»

ጎባ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል አንዲት ሲስተር ገና በር ላይ አፌ አጠገብ ጎንበስ ብላ አሸተተችኝ። ምንም ሳትጠይቅ ጣቴን ወጋች። መሣሪያው ቁጥር መስጠት አቃተው፤ ከሚለካው በላይ ነበር።

ዶክተሩ በኔ ዕድሜ የሚሆን ልጅ ነው። ነቃ ስል ጠየቀኝ።

«ውሃ ውሃ ካለሽ ስንት ጊዜሽ ነው?»

«ወር… ከዚያም በላይ።»

«ስኳርሽን ተለክተሽ ታውቂያለሽ?»

«እኔ እኮ ወጣት ነኝ» አልኩት።

«ይሄን ስኳሩ አያውቅም» አለኝ።

እናቴ ተነስታ «በኛ ዘር ስኳር የለም! ማንም የለበትም!» አለች፣ እንደተሰደበ ሰው። እሱ አልተቆጣም። ወንበር ስቦ አስረዳን። ቆሽቴ ኢንሱሊን የሚባለውን ነገር መሥራት አቁሟል። ያ ከሌለ የምበላው ምግብ ደሜ ውስጥ ስኳር ሆኖ ይዞራል እንጂ ሰውነቴ አይገባም። ስለዚህ ሰውነቴ እየበላሁም ተራበ፤ ሲርበው የራሱን ሥጋና ስብ ማንደድ ጀመረ፤ ከሚነደው የሚወጣው አሲድ ደግሞ ደሜን መረዘው። የአሴቶኑ ሽታ እሱ ነው። ከሰውነት ክብደት ጋር የሚመጣው ዓይነት ስኳር አይደለም፤ ቀጭን ወፍራም ሳይል፣ ብዙ ጊዜ ልጅና ወጣት ላይ፣ ሳይታሰብ የሚመጣው ነው።

«አብሹ ነው ያመጣብኝ?» አልኩት።

«አብሽ አያመጣም። ግን ሸፈነብሽ። አብሽ ባትጠጪ ኖሮ ይሄን ሁሉ ኪሎ በምን ቀነስኩ ብለሽ ትደነግጪ ነበር።»

ተኝቼ በቆየሁበት ክፍል አጠገቤ የነበሩት አዴ ከድጃ የሚባሉ የጎሮ እናት ናቸው። ግራ እግራቸው እስከ ጉልበት በፋሻ ተጠቅልሏል፤ ሽታው በክፍሉ ይታወቃል፣ ማንም አይናገርም። መርፌዬን ስወጋ አይተው «ኢንታላ ቲያ፣ አንቺም የኛ ሰው ሆንሽ?» አሉኝ። ተጫዋች ናቸው። ነርሶቹን «አንቺ ቀጭኗ፣ አንቺ ኩሩዋ» እያሉ ነው የሚጠሩት። ማታ ማታ ሁሉም ሲተኛ ግን እግራቸውን በለሆሳስ ሲያናግሩት እሰማለሁ፣ እንደታመመ ልጅ፤ ያኔ ብርድ ልብሴን ጆሮዬ ላይ እስባለሁ።

አንድ ቀን ለምን እንዲህ እንደሆነ ጠየቅኳቸው።

«ተውኩታ» አሉኝ። «መርፌውን ተውኩት። መርፌ የጀመረ አይመለስም አሉኝ፤ አንዱ ሰውዬ ቅጠል ሰጠኝ፣ እሱን ጠጣሁ። ከዚያ ቀጠንኩ። ገበያ ስወጣ ‹አዴ ከድጃ፣ ልጃገረድ መሰልሽ!› ይሉኛል። ደስ አለኝ፣ ምን ልበልሽ፣ ሴት ነኝ። እግሬ ግን ቁስሉን ሳላውቅ በሰበሰ።»

ጋሽ አብዱ ስፌት ቤት መስታወት ፊት ቆሜ ታየኝ።

ስወጣ ትከሻዬን ያዝ አድርገው «ሰው አማረብሽ ሲልሽ መጀመሪያ ጣትሽን ተወጊ» አሉኝ። ሁለታችንም ሳቅን። ሳቃቸው በሳል አለቀ።

ቤት ስንገባ እናቴ በሩን ዘጋችና «ለማንም እንዳትናገሪ» አለች። «ታይፎይድ ነበር እንላለን።»

«ለምን?»

«አንቺ ልጅ! ገና ያላገባሽ ነሽ። ስኳር አለባት ከተባለ ማን በራችንን ያንኳኳል? የሊዲያ እጮኛ አክስት ለልጇ እንደምታስብሽ አታውቂም?»

አባዬ «ተይ እንጂ» አላት፣ በቀስታ። እኔም ልጮህ ነበር፤ ግን ደክሞኛል። ታይፎይድ ይሁን አልኩ። ከቤታችን ሰው ሌላ እውነቱን የነገርነው ለሊዲያ ብቻ ነው።

ስለ መርፌው አንድ ነገር ልንገራችሁ፤ አያምም ማለት ይቻላል። ጠዋትና ማታ፣ ከምግብ በፊት፣ አለቀ። ፍሪጅ የለንም፣ መብራትም እንደፈለገ ነው የሚሄደው፤ ሲስተሯ ግን «ቀዝቃዛ ቦታ ከሆነ ይበቃል» ብላኝ ነበርና ጓዳ ጥላ ያለበት ጥግ፣ እንስራ አጠገብ አስቀመጥኩት። ስብ ያቃጥላል የተባለው የሮቤ ብርድ በመጨረሻ ለዚህ ጠቀመኝ። አይኔ ተመለሰ። ጉንዳኖቹ ጠፉ። ውሃ ሳልጠጣ አንድ ሌሊት ሙሉ ተኝቼ ስነሳ እናቴ በር ላይ ቆማ ታየኛለች፣ ማታ ስንቴ እየመጣች እንዳዳመጠችኝ እሷ ናት የምታውቀው።

ኪሎዬም ተመለሰ። ሰውነቴ የበላውን ማግኘት ስለጀመረ ነው፤ ዶክተሩ አስቀድሞ ነግሮኛል። ፊቴ ሞላ። ክንዴ ክንድ ሆነ። ግን ቀሚሱ መኝታ ቤቴ በር ላይ ምስማር ላይ ተሰቅሏል፤ ጋሽ አብዱ በዚያ በክፉው ወቅት ወገቤ ልክ ያጠበበው ቀሚስ። ሰርጉ ሊደርስ ሲል ስሞክረው ዚፑ ግማሽ ላይ ቆመ። ሊዲያ ከኋላዬ ሆና ጎተተች፣ ጎተተች፣ ተወችው።

«መርፌው እኮ ነው ያወፈረሽ» አለችኝ። «ሰርጉ እስኪያልፍ ብቻ ብትተይውስ? ትንሽ ቀን ነው። ከዚያ ትቀጥያለሽ።»

ሊዲያ ክፉ አይደለችም፤ ትወደኛለች። ግሩፑ ላይ ከጻፍናቸው ነገሮች አንዱ ነው የመሰላት፤ እንጀራ እንደመተው፣ እራት እንደመዝለል። እዚህ ጋ ደግሞ ያቺ አረፍተ ነገር መጣችብኝ፣ የተመለሰባት የሰነፈች ናት የምትለዋ። እሷ ከሄደች በኋላ አልጋዬ ላይ ተቀመጥኩ። ቀሚሱ በሩ ላይ ነው። ውብ ነው፣ አረንጓዴ ነው። የሚያስፈራኝ ሞትን ማሰቤ አይደለም፤ አለማሰቤ ነው። ያሰብኩት ፎቶውን ነው። ያን ማታ መርፌዬን ወጋሁ፣ ግን እንደ ግዴታ፣ ጥርሴን ነክሼ፣ «ነገ እናያለን» ብዬ።

ነገ ደግሞ የቀጠሮዬ ቀን ነበር። ጎባ፣ የስኳር ክትትል ያለበት ክፍል ደጃፍ፣ አግዳሚ ላይ ተቀምጬ አዴ ከድጃን በአይኔ ፈለግኩ፤ ቀጠሯችን አንድ ቀን ነው። እሳቸውን አጣሁ፤ ተኝተን ሳለን ታስታምማቸው የነበረችውን ሴት ልጃቸውን አየኋት። ሁለት ክራንች ተሸክማ ቆማለች።

«እናትሽስ?» አልኳት። «ቀጠሮ ቀየሩ?»

«ክራንቹን ልመልስ ነው የመጣሁት» አለችኝ።

ወዲያው አልገባኝም። ሲገባኝ አግዳሚው ላይ ቦታ ለቀቅኩላት፣ ተቀመጠች። እናቷ ቤት ከገቡ በኋላ «ትንሽ ልረፍ፣ ሰውነቴ ሁሉ ተወጋ» ብለው መርፌውን አሳረፉት። ለትንሽ ቀን ብቻ። እንደሚቀጥሉ ነግረዋት ነበር።

«ቀጥነው ነበር?» ብዬ ጠየቅኳት። ለምን እንዲህ እንደጠየቅኩ አላውቅም።

«በጣም» አለችኝ። «ሬሳቸውን ሳጥብ አጥንታቸውን ነው ያጠብኩት።»

ሮቤ ስመለስ ቤት አልገባሁም፤ እናቴ ቀሚሱን ይዛ እንድትመጣ ደወልኩና ጋሽ አብዱ ጋ ጠበቅኳት። «ይስፋልኝ» አልኩት። ሰርጉ ስለደረሰ አዲስ ጨርቅ ከየት ይመጣል ብዬ ፈርቼ ነበር። እሱ ቀሚሱን ገልብጦ ጎኑን አሳየኝ። ትርፉን አልቆረጠውም፤ ወደ ውስጥ አጥፎ ነው የሰፋው።

«እኔ የሴት ልብስ ሳጠብ አልቆርጥም» አለኝ፣ ክሩን በምላጭ እየፈታ። «ሰው ይመለሳል። አልሐምዱሊላህ፣ ተመለስሽ።»

እናቴ ፊቷን ወደ መንገዱ አዞረች።

እህቶቼ፣ ወንድሞቼም፣ አንድ ነገር ብቻ ልናገር። መቀነስ የፈለገ ሰው ይቀንስ፤ ምግቡን ይመጥን፣ ይራመድ፣ ቀስ ይበል። ስብ የሚያቀልጥ መጠጥ ግን የለም፤ ጎባ ያሉት ሐኪሞች ደጋግመው ነግረውኛል። እየበላችሁ ከቀነሳችሁ፣ ውሃ ካልጠገባችሁ፣ ሽንት ቤት ከተመላለሳችሁ ደስ አይበላችሁ። ሄዳችሁ «ጣቴን ውጉኝ» በሉ። ታይፎይድ ነው ቢሏችሁም «እሺ፣ ስኳሬንም እዩልኝ» በሉ። ከልብስ መለካት ያነሰ ጊዜ ነው የሚወስደው። መርፌ የታዘዘለት ሰው ደግሞ ለአንድ ቀንም ቢሆን ሐኪሙ ሳያውቅ አይተወው።

የሰርጉ ቀን ጠዋት ሚዜዎቹ ሊዲያ ቤት ተሰበሰብን። ክፍሉ በሴት ሞልቷል። እናቴ አለች። የሙሽራው አክስት አለች፣ ያቺ ለልጇ ታስበኛለች የተባለችው፤ አልጋው ላይ ተደላድላ ተቀምጣ አንድ በአንድ ታየናለች። ቀሚሴን ለበስኩ። ዚፑ እስከ ላይ ተዘጋ።

ኤልሲ መስታወቱ ፊት ናት። ዚፗ ከኔም ቀድሞ ተዘግቷል፤ ትርፍ አለው። ከንፈሯ ተሰነጣጥቋል፣ በቀለም ሸፍናዋለች። ከትናንት ጀምሮ እህል አልቀመሰችም። ጌጧን ስታስር እጇ ይንቀጠቀጥ ነበር፣ ሁለቴ ጣለችው። በመስታወቱ ውስጥ አየችኝና ዞረች።

«አንቺ፣ ተመለሰብሽ እኮ! አብሹን አቋረጥሽ ማለት ነው። እኔ ያንቺን ይዤ ይኸው እስካሁን እየተሰቃየሁ ነው፤ እንዳንቺ ግን ቶሎ አልሆነልኝም።» ድምፅዋን ዝቅ አደረገች፣ ግን ክፍሉ ጸጥ ብሎ ስለነበር ሁሉም ሰማ። «የሆነ የደበቅሽኝ ነገር አለ። በናትሽ ንገሪኝ፤ ዛሬውኑ ነው የምጀምረው። ምን ጠጥተሽ ነው?»

እናቴ ተነሳች። «ታይፎይድ…» ማለት ጀምራለች። አየኋት፣ አየችኝ። የሙሽራው አክስት ጆሮዋን አቅንታለች። የኤልሲ እጅ አሁንም ይንቀጠቀጣል።

«ምንም አልጠጣሁም ኤልሲ» አልኳት፣ ጓዳ ያሉት ሳይቀሩ እስኪሰሙ። «ስኳር በሽታ አለብኝ። ያኔ ስታዪኝ ቀጥኜ አይደለም፣ እየሞትኩ ነበር።»